«አንድ ወር» እና «30 ቀን» እኩል ናቸውን?

በንግድ ሥራ ዕቃ በኪሎ እንደሚለካ ሁሉ ዱቤም በጊዜ ይለካል። ይሁን እንጂ ኪሎውንና ብሩን አጥርቶ የሚጽፍ ነጋዴ ጊዜውን «በአንድ ወር» ብሎ በደፈናው ሲያልፈው ይታያል። ከዚህም የተነሣ ሁለት ደንበኛሞች በመክፈያው ዕለት ይጣላሉ።

ጊዜ በሁለት ዓይነት ይነገራል። አንደኛው ልኩ የማይለወጥ ነው፤ ይኸውም ደቂቃና ሰዓት ነው። 90 ደቂቃና 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ አጻጻፋቸው ቢለያይም፣ ወደ ደቂቃ ሲመነዘሩ እኩል ናቸው። ሁለተኛው ግን ልኩ በመነሻው ዕለት የሚወሰን ነው፤ ወርና ዓመት ከዚህ ይመደባሉ።

አንድ የደብረ ማርቆስ ባለሱቅ ነሐሴ 25 ቀን ከአዲስ አበባ ጅምላ ሻጭ ስኳርና ሳሙና በዱቤ ወሰደ እንበል። ውሉ «30 ቀን» ቢል፣ ከማግስቱ ጀምሮ የነሐሴ 5፣ የጳጉሜን 5ና የመስከረም 20 ቀን ተደምሮ ዕዳው መስከረም 20 ይደርሳል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን መድረሻው መስከረም 19 ነው። ውሉ «አንድ ወር» ቢልና ባለሱቁ እስከ መስከረም 25 ቢቆጥር ግን ጊዜው 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል። መቀጫ በየቀኑ የሚታሰብ ከሆነ ይህ ልዩነት ገንዘብ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠርም ወር ከ28 እስከ 31 ቀን ይደርሳል።

ሒሳብ በኮምፒዩተር ሲያዝም ይኸው ጥያቄ ይነሣል። በመጋቢት 2006 ዓ.ም. የወጣው 8ኛው ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሁለቱን ዓይነቶች ለይቶ «ዱሬሽን» እና «ፒሪየድ» ብሏቸዋል። በ«ዱሬሽን» 60 ደቂቃና 1 ሰዓት እኩል ናቸው። በ«ፒሪየድ» ግን 1 ወርና 30 ቀን እኩል አይባሉም። 15 ወርና 1 ዓመት ከ3 ወር እንኳ እኩል የሚሆኑት 12ቱ ወር ወደ ዓመት እንዲለወጥ ሲታዘዝ ብቻ ነው፤ ይህም ትእዛዝ ጳጉሜን ላለችበት የኢትዮጵያ ዓመት አይስማማም።

ስለዚህ ሁለት ጊዜያትን የሚያስተያይ የሒሳብ ሠራተኛ አስቀድሞ መነሻውን ዕለት ይያዝ፤ ቀጥሎም የሁለቱን መድረሻ ያውጣ፤ መድረሻቸው አንድ ዕለት ሲሆን ብቻ እኩል ናቸው ይበል። ውል የሚጽፍ ነጋዴም ከቀኑ ብዛት ጋር የመክፈያውን ዕለትና የዘመን አቆጣጠሩን ለይቶ ቢጽፍ፣ ገንዘቡንም ደንበኛውንም ይጠብቃል።