የሻይ ቅመም በምላስ ይለካል

«ሻይ ማፍላት ደግሞ ምን ትምህርት ያሻዋል? ውሃ መጣድ፣ ቅጠል መጨመር፣ በቃ!» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ጎልማሶችን ላስተምር ወደ አዋሽ እስክላክ ድረስ እንዲሁ ነበር የማስበው። አዋሽ ከገባሁ በኋላ ግን አንዲት ሻይ ሻጭ እናት በሻዩ ጣዕም ምክንያት ከሥራ ውጪ ሊሆኑ ሲደርሱ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤን ለውጫለሁ። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የአፋር ከተማ ናት። ከተማነቷ የመጣው በባቡር ምክንያት ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው አዋሽ ያድር ነበር። ያደረ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል። ዛሬ ያ የድሮ ባቡር በአዋሽ አያልፍም። በእሱ ፈንታ የከተማዋን መንገድ የሞላው ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና ነው። በ1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚመላለሰው በጅቡቲ ነው። መኪኖቹ ከአዋሽ ተነሥተው በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ አልፈው ሠመራ ይደርሳሉ፤ ከዚያም በጋላፊ አድርገው ድንበሩን ይሻገራሉ። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መንገድ ሾፌሩን የሚያነቃው ምንድን ነው? ሻይ ነው።

እኒያ እናት በማታው ክፍል ተማሪዬ ናቸው። እኔ «እትዬ» እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ሲላቸው «አስተማሪ»፣ ሲላቸው «ልጄ» ይሉኛል። ከመንገዱ ዳር ሸራ ወጥረው፣ በከሰል ምድጃ ላይ በራድ ጥደው ቅመም ያለው ሻይ ይሸጣሉ። ደንበኞቻቸው ሾፌሮችና ረዳቶች ናቸው። የሾፌር ምላስ ደግሞ በቀላሉ አይታለልም። ከሞጆ እስከ ጅቡቲ በየጣቢያው ሲቀምስ ስለሚውል የትኛው ሻይ ምን እንደጎደለው ያውቃል።

አንድ ሰሞን ደንበኞቹ ሻዩን ከግማሽ በላይ እየተዉ ይነሡ ጀመር። እትዬ ብርጭቆውን እያዩ ዝም ይላሉ። አንድ ማታ ከትምህርት በኋላ «እጄ ተበላሸ መሰለኝ፣ ልጄ። ዕቁቤን እንኳ ልጥል ነው» አሉኝ። እኔም የተማርኩ ነኝ ባይ «ቅመሙን አብዙት» ብዬ መከርኩ። አበዙት። ባሰበት! ምክሬ ሳይቀምሱ የሚሰጥ ምክር ነበር።

ኋላ ሲያወጉኝ ነገሩ ግልጽ ሆነ። የዕቁብ ገንዘብ ሲደርሳቸው ከአንድ ነጋዴ ሦስት ኪሎ የተፈጨ ቅመም ገዝተው ኖሯል። ዋጋው ርካሽ ነው፣ መውቀጥም የለበትም። እንግዲያው እያንዳንዱን ቅመም ለየብቻው እንቅመሰው ተባባልን። በማግስቱ ደንበኛ ሳይመጣ በጠዋት ስድስት ብርጭቆ ደረደርን። በአምስቱ ውስጥ ያልተፈጨ ቅመም ወቀጥ ወቀጥ አድርገን ለየብቻ ጨመርን፤ በስድስተኛው ያን ዱቄት። የፈላ ውሃ ሞላንበትና ከደንነው። ቅጠልም ስኳርም አልገባም። ጥቂት ቆይተን በየመካከሉ አፋችንን በቀዝቃዛ ውሃ እየተጉመጠመጥን ቀመስን።

መጀመሪያ ቀረፋ። ቀረፋ የዛፍ ልጥ ነው። ስመ ጥሩው ከስሪ ላንካ ይመጣል። ስኳር ሳይገባበት የጣፈጠ ያስመስላል፤ ምላስን አያስቸግርም። እትዬ «ይኼ የቤቱ መሠረት ነው» አሉ፤ እኔም አልተቃወምኩም።

ቀጥሎ ሄል። የህንድና የጓቲማላ አገር ፍሬ ነው። ሥራው ከምላስ ይልቅ በአፍንጫ ነው። አረንጓዴው ቅርፊት ከተከፈተ ሽታው ቶሎ ስለሚበን የሚፈለፈለው ሊፈላ ሲል ብቻ ነው። የእኛው ኮረሪማ የሄል ዘመድ ነው፤ በካፋና በጋሞ ደኖች ይበቅላል። ግን ዘመድ ነው እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። ኮረሪማ ከበድ ይላል፣ ወጥ ወጥ ይሸታል። ሄል ሲወደድ በኮረሪማ የሚተካ ሰው መጠኑን ይቀንስ።

ዝንጅብል ጎሮሮ ላይ ዘግይቶ ነው የሚያቃጥል። ስትቀምሱት ምንም የሌለው ይመስልና ቆይቶ ይመጣል። ስለዚህ ዝንጅብል የገባበትን ሻይ ወዲያው «ጎደለው» ብላችሁ አትጨምሩበት።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ቅርንፉድ ነው። ብዙ ሰው ፍሬ ይመስለዋል፤ ሳይፈነዳ ተለቅሞ የደረቀ የአበባ እንቡጥ ነው። ዛንዚባርና ማዳጋስካር የታወቁበት ነው። ውስጡ ያለው ዘይት ምላስን ያደነዝዛል፤ ጥርሱን ያመመው ሰው የሚነክሰውም ለዚህ ነው። ምላስ ከደነዘዘ ደግሞ ሌላውን ቅመም አይሰማም። ቅርንፉድ ሲበዛ ለቅሶ ቤት መጥቶ ብቻውን እንደሚያወራ ሰው ነው፤ ሌላው ሁሉ ዝም ይላል።

በመጨረሻ ስድስተኛውን ብርጭቆ አነሣን። አፍንጫ ላይ የሚሸት ነገር የለም፤ ምላስም አልደነዘዘም፤ ጎሮሮም አላቃጠለም። የእንጨት ምሬት ብቻ ነበረው። ብርጭቆው ሲዘቀዘቅ ከሥሩ አሸዋ የመሰለ አተላ ቀረ። እትዬ አተላውን በጣታቸው እያሹ ብዙ ቆዩ። «እጄን ነበር የማማው» አሉ።

ነጋዴው ቢያጭበረብርም ባያጭበረብርም የተፈጨ ቅመም በቆላ አገር ዕድሜ የለውም። የቅመም ሽታ የሚመጣው ከሚተን ዘይት ነው። ዱቄት ሲሆን ዘይቱ ለአየር ይጋለጣል፤ ሙቀቱ ደግሞ ያበረዋል። ስለዚህ ያልተፈጨውን ግዙ፤ የሁለት የሦስት ቀን ብቻ ውቀጡ፤ ክዳን ባለው ጣሳ አድርጋችሁ ፀሐይ ከማይነካው ቦታ አኑሩ። ቅርንፉድ ስትገዙ ጥቂቱን ውሃ ላይ ጣሉት። ደህናው ይሰጥማል ወይም ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል፤ ዘይቱ የወጣለት ጋደም ብሎ ይንሳፈፋል። የሻይ ቅጠልም እንዲሁ ይፈተናል። ጥቂት ቅጠል በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ብትበትኑ ደህናው ቀስ እያለ ነው የሚለቅ፤ ቀለም የተቀባው ግን ወዲያውኑ ውሃውን ያቀላዋል።

ቅጠሉ እንኳ ከራሳችን አገር አለ። በኢሉባቦር ጎሬ አጠገብ ጉመሮ፣ በካፋ ደግሞ ቦንጋ አጠገብ ውሽውሽ የታወቁ የሻይ እርሻዎች ናቸው። ቅመም መጨመሩ ግን ከባሕር ማዶና ከጎረቤቶቻችን ጋር የሚያገናኘን ልማድ ነው። ሶማሌዎች ሻይን በሄል፣ በቀረፋና በቅርንፉድ አፍልተው ወተት ይጨምሩበታል። ህንዶች «ማሳላ ቻይ» ይሉታል፤ ማሳላ ማለት የቅመም ድብልቅ ነው። «ቻይ»ም «ሻይ»ም ያው አንድ ቃል ነው፤ የወጣውም ከቻይናዎች ቋንቋ ነው።

ወደ በራዱ እንመለስ። ቀምሰን ስንጨርስ እትዬ ሁለት ሊትር ውሃ ጣዱ። ቀረፋውን አስቀደሙ፣ ቀመሱ። ዝንጅብል ጨመሩ፣ ቀመሱ። ሄል ጨመሩ። ቅርንፉዱን እየቆጠሩ መጨረሻ አስገቡ። በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ስለጨመሩ ጣዕሙ የተለወጠው በየትኛው እንደሆነ ያውቁ ነበር። ከዚያ ልኩን በደብተራቸው ላይ በራሳቸው እጅ ጻፉ፦ ለሁለት ሊትር ውሃ፣ ጣት የምታህል ቀረፋ አንድ፣ የአውራ ጣት ግማሽ ዝንጅብል፣ ሄል 8 ፍሬ፣ ቅርንፉድ 8 ፍሬ፣ ቅጠል 4 የሻይ ማንኪያ። «ቅርንፉድ» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ አስጠፋቸው። ሾፌሮቹም ተመለሱ።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። እትዬ ሠመራ ላይ ታናሽ እህት አለቻቸው፤ እሷም ሻይ ቤት ከፍታለች። ልኩን በስልክ ነግረዋት ነበር፤ ግን ስምንቱን ወደ አሥራ ስምንት ለውጣ ሰማች። ስለዚህ በወረቀት ጽፈው በአንድ ሾፌር እጅ ላኩላት። መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ፦ «እትዬ፣ እንደጻፍሽው ቆጥሬ አፈላሁት። ሻይሽ መረረ።»

እኔ አሁንም ቸኩዬ «ቆጠራው ተሳስቶባት ነው» አልኩ። አልተሳሳተችም። የተለየው አገሩ ነው።

አየር ክብደት አለው። ደጋ ላይ ከበላያችን ያለው አየር ጥቂት ስለሆነ ውሃው የሚጫነው ነገር ያንሰዋል፤ በትንሽ ሙቀት ይፈላል። እኔ ባደግሁበት በደሴ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። አዋሽ ላይ 97 ገደማ ነው፤ ሠመራ ዝቅ ያለ ቆላ ስለሆነ ከ98 ያልፋል። ደጋ ላይ ሽምብራ ለመብሰል ብዙ የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ የሠመራ ውሃ ሲፈላ የበለጠ ይሞቃል፤ ከቅጠሉና ከቅርንፉዱም ምሬቱን አሟጦ ያወጣል። በዚያ ላይ እህትየው በራዱን ከነቅጠሉ ቀኑን ሙሉ ከሰል ላይ ታቆየው ነበር።

ሁለተኛው ውሃው ነው። በጀሪካን የምትገዛው ውሃ ጨው ጨው የሚልና በበራዱ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ነበር። እንዲህ ያለ ውሃ ሻዩን ያጠቁረዋል፤ ላዩ ላይም ስስ ቆዳ የመሰለ ነገር ያወጣል። ውሃውን አስቀድሞ አፍልቶ፣ ሲረጋ የጠራውን ከላይ ቀድቶ እንደገና መጣድ ይረዳል። ጥቂት ሎሚም ያቀላዋል። ጨውን ግን ማፍላት አያወጣውም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓድ ውስጥ ያለውንና የልጆችን ጥርስ ቡናማ የሚያደርገውን ፍሎራይድም አያወጣውም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ውስጥ ይበዛል። ሌላ ውሃ የሚገኝ ከሆነ ለልጆች እሱን መምረጥ ነው።

እትዬ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፉ። ቅርንፉዱን አምስት፣ ቅጠሉን ሦስት ማንኪያ አድርጊ፤ እንደፈላ አውርደሽ አጥልይው፤ በፔርሙዝ አቆይው አሉ። ስለ ወተትም ጨመሩ። በአፋር የፍየልና የግመል ወተት ስላለ ደንበኛው በወተት ይወዳል። ወተቱ ግን ሳይፈላ አይገባም፤ ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳና ሌላም የከብት በሽታ ያስተላልፋል። እርጥብ ዝንጅብል ከወተት ጋር አብሮ ከተጣደ ወተቱን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ዝንጅብሉ አስቀድሞ በውሃው ውስጥ በደንብ መፍላት አለበት። የግመል ወተት ደግሞ ራሱ ጨው ጨው ይላል፤ ጨዋማ ውሃ ላይ ሲጨመር መቅመስ ያስፈልጋል።

እህትየው ስትመልስ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። የዓመት ከመንፈቅ ልጇ ዳቦ በሻይ እየነከረ ነው የሚበላው፤ ይጠቅመዋል ወይ? ይህን እትዬ ለእኔ ሰጡኝ። አይጠቅመውም። ሻይ በምግብ ውስጥ ያለውን ብረት የተባለ ንጥረ ነገር ይይዝና ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ብረት ሲጎድል ደም ያንሳል፤ ልጅ ይደክማል፣ አያድግም። ለነፍሰ ጡር ደግሞ የበለጠ አደገኛ ነው። ትንሽ ልጅ ሻይ አያስፈልገውም፤ የፈላ ወተት ይሻለዋል። ትልቅ ሰውም ቢሆን ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ ቢጠጣ ይበጃል። ሻይ ሻጭ ለሆነች ሴት ይህን መጻፍ ትንሽ አሳፍሮኝ ነበር፤ ግን ጻፍኩት።

ባለፈው ሳምንት ሦስተኛው ደብዳቤ ደረሰ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡልኝ። ልጁ ሻይ ትቷል። አልቅሶ ነበር፤ ለምዷል። ሻዩ እየተሸጠ ነው። «ቅርንፉዱን ግን አራት አደረግሁት። አምስቱ አሁንም ይበዛል። አንቺም ሞክሪው።»

«አራት?» አሉ እትዬ፤ ቅር ያላቸው መሰለ። መስመሩን እንደገና አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ተነሡና በራዱን ጣዱ፤ አራት ቅርንፉድ ቆጥረው መዳፋቸው ላይ አደረጉ።