ቦይለሩ ሌሊቱን ሙሉ ይብራ?

ጥያቄ፦ ፒያሳ፣ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ባለው አሮጌ ቤት እንኖራለን። 50 ሊትር የሚይዘው ቦይለራችን ቀንና ሌሊት አይጠፋም። አጥፍቶ እንደገና ማሞቅ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይፈጃል የሚባለው እውነት ነው? ለክፍል ማሞቂያስ ታይመር እንግዛ?

መልስ፦ እውነት አይደለም። ከቦይለር የሚያመልጠው ሙቀት የሚወሰነው ውኃው በዙሪያው ካለው አየር በሚሞቅበት መጠን ነው። ሌሊቱን ሙሉ 60 ዲግሪ ላይ የቆየ ውኃ ሳያቋርጥ ሙቀት ያባክናል፤ የጠፋው ቦይለር ግን እየቀዘቀዘ በሄደ ቁጥር የሚያጣው ያንሳል፤ ጠዋት የሚተካውም ያችኑ ያመለጠችውን ብቻ ነው። የቦይለሩ ቴርሞስታት ዲግሪን እንጂ ሰዓትን ስለማያውቅ፣ ቤተሰቡ ተኝቶም ያበራል። የጎደለው ታይመር ነው። 50 ሊትር ውኃን ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ባለ 1.5 ኪሎዋት ቦይለር ይህን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ለሚታጠብ ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ቢበራ በቂ ነው።

«ታይመር ከመግዛት ዲግሪውን ወደ 40 ብናወርደውስ?» ለሚሉ፣ አልመክርም፤ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ሊጂዮኔላ የተባለው ሳንባን የሚያጠቃ ባክቴሪያ ይራባል። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ይዛባል የሚለው ስጋት ግን ተገቢ ነው፤ ስለዚህ የራሱ ባትሪ ያለውን፣ 16 አምፒር የሚችለውን ይምረጡ፤ የሚገጥመውም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሁን። የክፍል ማሞቂያው ታይመር ግን ይቆይ። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ቢወርድም ቀኑ ፀሐያማ ነው፤ ወፍራም ግንብ ደግሞ በዝግታ ስለሚሞቅ፣ ለአንድ ሰዓት የበራ ማሞቂያ አየሩን እንጂ ግድግዳውን አያሞቅም። መጀመሪያ ንፋስ የሚገባባቸውን የእንጨት በሮችና መስኮቶች ክፍተቶች ይድፈኑ።