የሐይቁ ወንጌልና የጋሥጫው ደራሲ

ተማሪ፦ የኔታ፣ የግእዝ ድርሰት ሲነሣ የሚጠሩት አክሱምና ጎንደር ናቸው። የደቡብ ወሎ ድርሻ ምንድን ነው?

የኔታ፦ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ደሴን ያለፈ መንገደኛ፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከውኃው ጋር ደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። ጥንት ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዟል። ቤተ ክርስቲያኑ ቀድሞም ነበረ ይላል ትውፊቱ፤ መነኮሳትን ሰብስበው የገዳሙን ሥርዓት ያቆሙት ግን ከደብረ ዳሞ የመጡት አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው፣ በ1240 ዓ.ም. ገደማ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእሳቸው እግር ሥር ተምረዋል። ወደ ጣና ደሴቶች ሄደው ገዳም ከተከሉት መካከልም የሐይቅ ልጆች ነበሩ። የሐይቁ አበምኔት ዓቃቤ ሰዓት ይባል ነበር፤ በቤተ መንግሥት ከከበሩት ማዕርጋት አንዱ ነው። ወሎ ለግእዝ መጽሐፍ ያበረከተው ከዚህ ቤት ይጀምራል።

ተማሪ፦ መጽሐፍ የሌለው ገዳም የለም። የሐይቁ በምን ይለያል?

የኔታ፦ አንዱን መጽሐፍ ብቻ እንይ፤ እሱ ይበቃል። ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ቆይቷል። በውስጡ የሰፈረው ማስታወሻ ጊዜውን 6773 ዓመተ ዓለም ይለዋል፤ 5500 ሲቀነስ 1273 ዓ.ም. ይሆናል።

ተማሪ፦ የአባ ገሪማ ወንጌሎች ይቀድሙት የለም?

የኔታ፦ እጅግ ይቀድሙታል እንጂ። ወንጌል ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን ነው፤ የገሪማዎቹም ብራናቸው ሲመረመር እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ የሚውል ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን ዕድሜያቸውን የነገረን ቤተ ሙከራ ነው። የሐይቁ በገዛ ቃሉ ይናገራል። ሥዕል ካላቸው የግእዝ ወንጌሎች መካከል ዘመኑ ተጽፎበት የሚታወቀው ቀዳሚው እሱ ነው። ከሥዕሎቹ አንዱ የባለቤቱ የኢየሱስ ሞዐ ነው፤ መነኩሴው ከቅዱሳኑ ጋር በአንድ ጥራዝ ቆመዋል።

ከሥዕሉ ይልቅ ለታሪክ የሚጠቅሙት ግን ባዶ የነበሩት ቅጠሎች ናቸው። የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርና የንብረቱ ነገር የተመዘገበው እዚያ ላይ ነው። በጥንት ዘመን መዝገብ ቤት ማለት ወንጌል ነበር። ስጦታና ርስት በወንጌል ላይ ይጻፋል፣ ግዝት ይታሰርበታል፤ ያን የሚደፍር እንዳይገኝ።

ተማሪ፦ ደፍሮ የሚፍቅስ ቢመጣ?

የኔታ፦ ይፋቃል፤ ግን ይታወቃል። ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው። ይታጠባል፣ በእንጨት መወጠሪያ ይወጠራል፣ የሥጋው ወገን በስለት ይፋቃል፣ ጠጉሩ ይነሣል፣ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል። ሲደርቅ ይቆረጥና በወስፌ ይሰመራል። የወስፌው መስመር ቀለም የለውም፤ ጭረት ብቻ ነው፤ ቅጠሉ ወደ ብርሃን ዘንበል ሲል ይታያል። ብርዑ ከሸምበቆ ይቀረጻል። ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻና ከተቆላ እህል ይበጠበጣል፤ ቀዩ ለአምላክና ለእመቤታችን ስም፣ ለምዕራፍም መነሻ ነው። ቁም ጸሐፊ ሲሳሳት ፊደሉን በቢላዋ ጫፍ ፍቆ ይጽፍበታል። ያ ቦታ ጣት ሲዳስሰው ይሻክራል፣ አዲሱም ቀለም ትንሽ ይፈሳል። የባለቤቱ ስም ተፍቆ ሌላ የገባበት መጽሐፍም እንዲሁ ይጋለጣል፤ ጥንቁቅ አንባቢ ከንባቡ በፊት ስሞቹን ይዳስሳል።

ተማሪ፦ እስካሁን የተነገረው ስለ መቅዳት ነው። አዲስ መድረስስ መቼ መጣ?

የኔታ፦ መሸጋገሪያው ሌላ የትርጉም ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1348 እስከ 1388 በጵጵስና የቆዩት አቡነ ሰላማ፣ ከዐረብኛ ብዙ ስለ ተመለሰ «መተርጕም» ተብለዋል። በአፄ ዳዊት ዘመን ደግሞ ተአምረ ማርያም ገባ፤ መነሻው ምዕራብ አውሮፓ ሲሆን በዐረብኛ በኩል ዞሮ ነው እዚህ የደረሰው። ትርጉም ደግሞ ቋንቋውን ያሠለጥነዋል። የእስክንድርያን ክርክር በግእዝ ሲያነብ ያደገ ትውልድ፣ በግእዝ መከራከር አልቸገረውም። ከዚያ ትውልድ የበለጡት የጋሥጫው ሰው አባ ጊዮርጊስ ናቸው።

ተማሪ፦ አባ ጊዮርጊስ ወሎየ ናቸው ማለት ነው?

የኔታ፦ በዛሬው አከላለል አዎን፤ በዘመናቸው አገሩ አምሓራ ይባል ነበር። ጋሥጫ ከደሴ ወደ ምዕራብ፣ በቦረና በኩል ነው። አባታቸው የቤተ መንግሥት ካህን ነበሩ። ልጁን ለትምህርት ወደ ሐይቅ ላኩት። ገድላቸው ትምህርት አልገባ ብሏቸው ሲያለቅሱ እመቤታችን እንደ ገለጠችላቸው ይተርካል፤ የቆሎ ተማሪ ሁሉ ይህን ታሪክ የሚወድበት ምክንያት አይጠፋም። ለቤተ ክርስቲያን ሰዓታትን ደረሱ፤ እስከ ዛሬ በሌሊት ይቆምበታል። ትልቁ ሥራቸው ግን መጽሐፈ ምሥጢር ነው፣ በሰኔ 21 ቀን 1416 ዓ.ም. የተፈጸመው።

ተማሪ፦ ምን ይዟል?

የኔታ፦ ለበዓላት የሚነበቡ ድርሳናትን። እያንዳንዱ ከበዓሉ ተነሥቶ አንድን መናፍቅ በስሙ ይጠራና ይረታዋል፤ ሰባልዮስ፣ አርዮስ፣ ንስጥሮስ ሁሉም ተራቸው ይደርሳል።

ተማሪ፦ እነዚህ ከሞቱ ሺህ ዓመት ያህል አልፏቸው የለም? ከሙታን ጋር መሟገት ምን ይጠቅማል?

የኔታ፦ ጥያቄው ልክ ነው ልጄ። ስሙ የጥንት ነው፤ ቀስቱ የሚወረወረው ግን ወደ ቅርብ ነው። በዘመኑ በአገሪቱ ውስጥ ስለ ሥላሴና ስለ ምጽአት ክርክር ነበር። ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር አይከበር የሚለው ጉዳይ መነኮሳቱን ከፋፍሎ ነበር። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች «ይከበር» በማለታቸው ተሰደዱ። መጽሐፈ ምሥጢር ሁለቱንም ሰንበት ይደግፋል። ነገሩ የተቆረጠው ግን ደራሲው ካረፉ በኋላ፣ በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት ነው። ስለዚህ መጽሐፉን እንደ መናፍቃን ዝርዝር ብቻ ያነበበ ግማሹን አላነበበም።

ተማሪ፦ አርጋኖንም የእሳቸው ነው ይባላል።

የኔታ፦ ይባላል፤ ሊቃውንት ግን አልተስማሙበትም፣ ለሌላ ጊዮርጊስ የሚሰጡትም አሉ። ችግሩ የመጣው ከደራስያኑ ትሕትና ነው። ብዙዎቹ ስማቸውን ሳይጽፉ አለፉ፤ ከኋላ የመጣው አንባቢ ደግሞ ዜማ ሲሰማ ቅዱስ ያሬድን፣ የማርያም ምስጋና ሲያይ አባ ጊዮርጊስን ይጠራል። እንዲህ ያለው ፍቅር አይነቀፍም፤ ለታሪክ ግን ማስረጃ አይሆንም። መጽሐፈ ምሥጢር ዘመኑና ባለቤቱ ስለ ታወቀ ሌላውን የምንመዝንበት ሚዛን ሆኖልናል።

ተማሪ፦ ግሸንስ?

የኔታ፦ ግሸን ማርያም በአምባሰል ናት፣ አምባዋ የመስቀል ቅርጽ ያላት። ነገሥታት ወንድሞቻቸውንና ዘመዶቻቸውን የሚያግዙባት ተራራ ነበረች። ግማደ መስቀሉን ወደዚያ ያስገቡት ዘርዐ ያዕቆብ መሆናቸውን የሚተርከው መጽሐፈ ጤፉት ነው፤ ስሙ የወጣው ፊደሉ እንደ ጤፍ ስለ ደቀቀ ነው ይላሉ። መስከረም 21 የሚወጣው ሕዝብ የሚሰማው ታሪክ ከእሱ የተቀዳ ነው። ንጉሡ ራሳቸውም ደራሲ ነበሩ፤ መጽሐፈ ብርሃንን አስጽፈዋል፤ በ33ቱ የእመቤታችን በዓላት ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብም አዘዋል። የሐይቅ ብራና ለመነኮሳት ነበር፤ በንጉሡ ትእዛዝ ግን ማንበብ የማይችለውም ገበሬ የመጽሐፍ ሰሚ ሆነ።

ተማሪ፦ ይህ ሁሉ በግራኝ ጦርነት አልጠፋም?

የኔታ፦ ብዙ ጠፍቷል። ከኢማሙ ጋር የዘመተው ዐረብ ፈቂህ የሐይቅን ደሴት መያዝ በፉቱሕ አል-ሐበሻ ውስጥ ጽፎታል፤ ያንን ዘመን ለማወቅ የግእዙንም የዐረብኛውንም ማንበብ ግድ ነው። ወሎ የሁለቱም አገር ናት። ከሐይቅና ከግሸን ብዙ ሳይርቁ ሼሆች አማርኛ መንዙማ በዐረብ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ግን ከዚያ ሁሉ ተርፏል።

ተማሪ፦ ዛሬ ሊያየው የፈለገ ምን ያደርጋል?

የኔታ፦ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት ተመራማሪ አትገባም፤ ወንድም ቢሆን ያለ ፈቃድ ብራና አይከፈትለትም። መፍትሔው ፎቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባና አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ያሉ ተቋማት ተባብረው የኢትዮጵያን ብራና በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። የሐይቁ ወንጌል በዚያ ስብስብ ቁጥሩ 1832 ነው። በኮሌጅቪል ተቀምጠው ብዙውን ፊልም ቅጠል በቅጠል አንብበው ካታሎግ ያወጡለት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ የሸዋ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉ። ፊልሙ ጽሑፉን፣ ሥዕሉንና ማስታወሻዎቹን ያሳያል። የወስፌውን ጭረትና የተፋቀውን ቦታ ሻካራነት ግን አያሳይም፤ ለዚያ ቅጠሉን ራሱን በእጅ ይዞ ወደ ብርሃን ማዘንበል ያስፈልጋል።