«ሶሪ» ማለት «ይቅርታ» ማለት ነውን?

ከአፋችን ከማይለዩት የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ሶሪ» ነው። ስንጋፋ «ሶሪ»፣ ስናረፍድ «ሶሪ»፣ ቃላችንን ስናጥፍም «ሶሪ» እንላለን። ለመሆኑ ፍቺውን አስተውለነዋልን?

ቃሉ የመጣው በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሕመም፣ ቁስል» ከሚል ሥር ነው። ስለዚህ «ሶሪ» ባይ በመሠረቱ «አዝኛለሁ፤ ልቤን አሞኛል» ማለቱ ነው። እንግሊዞች ለበደሉትም፣ ዘመድ ለሞተበትም ይህንኑ ቃል ይናገራሉ። እኛ ግን ለየጉዳዩ የተለየ ቃል አለን። ለሐዘንተኛ «እግዚአብሔር ያጽናዎት»፣ እንቅፋት ለመታው «እኔን!»፣ ለበደልነው ደግሞ «ይቅርታ» እንላለን። «ይቅርታ» የተገኘው «ቀረ» ከሚለው ግሥ ነው፤ በደሉ ይቅር፣ ይተው ማለት ነው። የሚተወው ግን ተበዳዩ እንጂ በዳዩ አይደለም። እንግዲህ «ሶሪ» የራስን ስሜት ይናገራል፤ «ይቅርታ» ግን ሌላውን ይለምናል፤ መልስም ይጠብቃል።

ይህን ልዩነት የተማርነው አትክልት ተራ ነው። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ከመዛወሩ በፊት፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ በዚያ እናቋርጥ ነበር። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ ሲሮጥ የቲማቲም ሳጥን የተሸከሙ አዛውንት ገፋ። ሳጥኑ ተገለበጠ፤ ቲማቲሙም ጭቃው ላይ ተበተነ። ጓደኛችን «ሶሪ፣ አባባ!» ብሎ ሩጫውን ቀጠለ፤ እኛም ተከተልነው። ጥቂት ሄደን ዞር ብንል፣ አዛውንቱ ጎንበስ ብለው እያንዳንዱን ቲማቲም በጋቢያቸው እየጠረጉ ይለቅማሉ። አፍረን ተመለስን። «ይቅርታ ያድርጉልን፣ አባባ» ብለን አብረናቸው ለቀምን። ለፈረጠው ከታክሲ ሳንቲማችን አዋጥተን ብንሰጣቸው ግማሹን መለሱልንና «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ልጆቼ» አሉን። ያን ቀን በእግራችን ብንሄድም ልባችን ቀሎት ነበር።

የባዕድ ቃል መናገር ነውር አይደለም፤ «ፒያሳ» የሚለው የሰፈራችን ስም ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ነውሩ በቃሉ ተሸሽጎ ማለፍ ነው። መባ ይዞ የመጣ ሰው እንኳ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ በማቴዎስ ወንጌል 5፥23-24 ታዟል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት «ሶሪ» ብለን መልስ ሳንጠብቅ ያለፍነው ሰው ካለ፣ ተመልሰን «ይቅርታ» እንበለው።