መቅደሱን ተይና ማጀቱን እዪ

ሚጡዬ፣ ስለ ታይላንድ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ድራማዎች የጻፍሽውን ረቂቅ ከጀርባሽ ቆሜ አነበብኩት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ «ታይላንድ የቡድሃ አገር ስለሆነች ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች በሯ ክፍት ነው» ይላል። እሱን አውጪው። የቀረው ጥሩ ነው። ተዋንያኑን ታውቂያቸዋለሽ፣ ድራማዎቹን ከልብሽ ትወጃቸዋለሽ፣ ይህም ያስታውቃል። ያ ዓረፍተ ነገር ግን ከሥሩ የመጣውን ሁሉ ያጣምምብሻል። አንባቢሽ ሃይማኖቱን ሳያውቀው ያወቀው ይመስለዋል፤ የሰዎቹንም ትግል እንዳልነበረ ይቆጥረዋል።

እስኪ አብረን እንየው። በታይላንድ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ቡድሂስት ነው። ለምእመኑ ከተሰጡት አምስት ትእዛዛት ሦስተኛው ከዝሙት መራቅን ያዛል እንጂ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን በስም አይጠራም፤ እዚህ ድረስ ልክ ነሽ። ከዚያ ጎን ለጎን ግን በሕዝቡ ዘንድ የኖረ ሌላ እምነት አለ። ወንድ ተብለው ተወልደው እንደ ሴት የሚኖሩትን፣ ታይላንዶቹ ካቶይ የሚሏቸውን ሰዎች፣ «ባለፈው ሕይወታቸው አመንዝረው ነበር፤ አሁን የዚያን ዕዳ እየከፈሉ ነው» ይላል። ይህ እምነት በአንድ በኩል «ዕዳው ነው፣ ተዉት» ያሰኛል። በሌላ በኩል ሰውየውን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ባለዕዳ ያደርገዋል። የመነኮሳቱ ጥንታዊ ሕግም ከተለመደው ወንድነት ውጭ ናቸው ብሎ ‹ፓንዳካ› የሚላቸውን ሰዎች ከምንኩስና ይከለክላል። ታዲያ በሩ ክፍት ነው ትያለሽ?

ሕጉንም እዪው። የሁለት ወንዶችን ፍቅር የሚተርከው ‹ላቭ ሲክ› የተባለው ድራማ በቴሌቪዥን የታየው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። የጋብቻ እኩልነት ሕጉን የታይላንድ ሴኔት ያጸደቀው ጁን 18 ቀን 2024 ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 23 ቀን 2025 ነው። በመካከሉ ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ። በእነዚያ ዓመታት በስክሪኑ ላይ ሁለት ወንዶች ሲዋደዱ ዓለም በፍቅር ያይ ነበር፤ ባንኮክ ውስጥ ግን እውነተኞቹ ጥንዶች በሕግ ፊት ባዕዳን ነበሩ። ሕጉ ከሴኔት ወጥቶ ገና ሥራ ላይ ሳይውል ለእይታ የበቃውን የናሩቤት ኩኖን ‹ዘ ፓራዳይዝ ኦቭ ቶርንስ› ፊልም ፈልገሽ ተመልከቺው። ሜ ሆንግ ሶን በተባለው ተራራማ ክፍለ ሀገር ሁለት ወንዶች የዱሪያን እርሻ ያለማሉ። አንዱ ሲሞት እርሻው ለእናቱ ይሆናል፤ አብሮት የለፋው ወዳጁ በወረቀት ላይ የለምና። «ክፍት በር» የሚለውን ቃል ከዚህ ፊልም በኋላ ለመጻፍ እጅሽ እሺ አይልሽም።

አሁን ድራማዎቹን ስለምታዪበት መንገድ ልንገርሽ። አንቺ ሃይማኖትን የምትፈልጊው መቅደስ ውስጥ ነው። «ኃጢአት ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ የሚፈርድ አባት ትጠብቂያለሽ። በእነዚህ ድራማዎች ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው እምብዛም አይመጣም። ሃይማኖቱ ያለው ማጀት ውስጥ ነው። በግቢው ጥግ በምሰሶ ላይ የቆመችውን ትንሽ ቤት አይተሻታል? የቦታው ጠባቂ መንፈስ ማደሪያ ናት። ፊት ለፊቷ የአበባ ጉንጉንና ስትሮው የተሰካበት ቀይ ፋንታ ይቀመጣል። ገና ጎሕ ሲቀድ ብርቱካናማ ልብስ የለበሱ መነኮሳት በየደጁ ያልፋሉ፤ የቤቱ እመቤት ተንበርክካ ምግብ ታቀርባለች። ከኤፕሪል 13 እስከ 15 በሚከበረው የሶንግክራን በዓል ልጆች በወላጆቻቸው እጅ ላይ ሽቶ ያለው ውኃ አፍስሰው ይመረቃሉ።

እነዚህን ትዕይንቶች ስታይ ማን ለማን እንደሚንበረከክ ልብ በይ። የልጇ ወዳጅ በእናትየው እጅ ላይ ውኃ ካፈሰሰና እሷም ከመረቀችው ነገሩ አለቀ። «ተቀብዬሃለሁ» ብላ መናገር አያስፈልጋትም። አንቺ ግን ንግግሩን ስትጠብቂ ምርቃቱን ታልፊዋለሽ፤ ከዚያም «እናትየው ምንም አላለችም» ብለሽ ትጽፊያለሽ።

ረቂቅሽ ውስጥ ‹ሂዝ ካሚንግ ቱ ሚ›ን በሁለት መስመር «የመንፈስ ፍቅር» ብለሽ አልፈሽዋል። ወደ እሱ ተመለሺና ጊዜ ስጪው። ኖፓናት ቻይዊሞን ያዘጋጀው የ2019 እ.ኤ.አ. ሥራ ነው። ታን የተባለው ልጅ ከቻይና ዘር ቤተሰቡ ጋር መካነ መቃብር ይሄዳል፤ በየዓመቱ በኤፕሪል መግቢያ ገደማ ቤተሰብ የአያት ቅድመ አያቶችን መቃብር የሚጠርግበት፣ ምግብ የሚያቀርብበትና ዕጣን የሚያጨስበት የቺንግሚንግ በዓል ነው። እዚያ ሜት የሚባል ወጣት መንፈስ ያገኛል። ሜት ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ የሚጎበኘው ግን የለም። የሌሎቹ መቃብር ላይ ዶሮና ፍራፍሬ ሲደረደር እሱ ባዶ እጁን ይቀመጣል። ያ ሕፃን ነው የሚያየውና የሚያካፍለው።

በዚህ እምነት ሙታንን የሚመግቡት ልጆቻቸው ናቸው። ልጅ ያልወለደ ሰው ከሞተ በኋላ ማን ያስበዋል? በቻይና ዘር የታይላንድ ቤት ውስጥ ወንድ ልጅ ወንድ እንደሚወድ ሲነግራቸው ወላጆችን የሚያስደነግጣቸው አንዱ ትልቅ ነገር ይኸው ነው። የዘር ሐረጉ ይቋረጣል፣ ዕጣኑ ይጠፋል ብለው ይሰጋሉ። ድራማው ይህን ስጋት ወስዶ መልስ ሰጠበት፤ የሚያስብሽ ሰው ከአብራክሽ የወጣ ብቻ አይደለም፣ የሚወድሽም ነው አለ። ሥርዓቱን አላፈረሰም፤ በሥርዓቱ ውስጥ ለተረሳው ሰው ቦታ አበጀ። ይህን ካየሽ ‹የመንፈስ ፍቅር› የሚለው ስም እንደማይበቃው ይገባሻል።

በዚያው ዓመት የወጣውን ‹አንቲል ዊ ሚት አጌን›ንም በዚህ ዓይን ተመልከቺው። ኮርንና ኢን ቤተሰቦቻቸው ፍቅራቸውን ስለከለከሏቸው ሕይወታቸውን ያጣሉ፤ በሌላ ትውልድ ዲንና ፋርም ሆነው ይወለዳሉ፣ ቀይ ክርም ያገናኛቸዋል። አንቺ ሁሉንም «የቡድሂዝም ትምህርት» ብለሽ ጠቅልለሽዋል። ዳግም መወለዱ የቡድሂስቱ እምነት ነው፤ ቀዩ ክር ግን ከቻይናውያን አፈ ታሪክ የመጣ ነው። ሁለቱን ለይተሽ ጻፊ፤ አገሩ ሁለቱንም በአንድ ቤት ያኖራል፣ የጽሑፍሽ ውበትም እዚያ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ካርማው፣ ያ ካለፈው ሕይወት የመጣው ዕዳ፣ ወደ ማን እንደዞረ ተመልከቺ። ቀድሞ «ዕዳ ከፋይ» የሚባለው አፍቃሪው ራሱ ነበር። እዚህ ግን ልጆቻቸውን ያጡት ቤተሰቦች ናቸው ሐዘኑን ከትውልድ ወደ ትውልድ ተሸክመው የሚኖሩት። ያው እምነት ጥያቄውን ከሚወዱት ላይ አንሥቶ በከለከሉት ላይ አኖረው።

‹ዘ ሳይን› ደግሞ ከዚህ አልፎ ወደ ጥንቱ ተረት ይሄዳል። ሁለቱ የፖሊስ ባልደረቦች ካለፈው ሕይወታቸው የናጋና የጋሩዳ ታሪክ ይዘው የመጡ ናቸው። ናጋ በሜኮንግ ወንዝ ዳር ያሉ ሰዎች የሚያከብሩት የውኃ እባብ ነው፤ ጋሩዳ ደግሞ የታይላንድ መንግሥት አርማ ላይ ያለው ታላቅ ወፍ። በተረቱ ሁለቱ የማይታረቁ ጠላቶች ናቸው። «ይህ ነገር ከውጭ የመጣ ነው» ለሚል ተመልካች ድራማው ይህን ፍቅር ከአገሩ ተረት ሥር ላይ ተክሎ መለሰለት። ስለ ምስል ልዩ ውጤቶቹ የጻፍሽውን አሳጥሪና ይህን አስፊው።

ፉኬት ላይ የተሠራው ‹አይ ቶልድ ሰንሴት አባውት ዩ› ላይ ግን አትቸኩዪ። እዚያ መንፈስም ዳግም ልደትም የለም፤ የሆኪየን ቻይናውያን ዘሮች የኖሩባት አሮጌ ከተማ፣ ኑድል የምትሸጥ እናት፣ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ቻይንኛ የሚያጠኑ ሁለት ልጆች አሉ። እናትየው እንደዚያ የምትለፋው ለልጇ ነው፤ ልጁም የፍቅሩን ነገር ሲያስብ ልፋቷን ሳያስብ አይቀርም። የወላጅን ውለታ መመለስ በዚያ አገር ከሃይማኖት የሚለይ ነገር አይደለም። ይህን ካላወቅሽ ልጁን ፈሪ ብለሽ ትፈርጂበታለሽ።

ማጀቱን በደንብ ካየሽ በኋላ ወደ መቅደሱ ተመለሺና ለምን በሩ እንደተዘጋ ጠይቂ። የታይላንድ ወንድ ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው ለጥቂት ሳምንታት ወይም ለአንድ የዝናብ ወቅት ቢመነኩስ የጽድቁ ዋጋ ለእናቱ ይሆናል ይባላል፤ እናት የልጇን ቢጫ ልብስ ጫፍ ይዛ ወደ ሰማይ ትወጣለች ይላሉ። ለወላጅ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። ታዲያ ስለ ወላጅና ልጅ ይህን ያህል የሚያለቅሱት ድራማዎች ወንድን የሚወድ ልጅ ሲመነኩስ የሚያሳዩት እንዴት ብርቅ ሆነ? አኑቻ ቡንያዋታና በ2017 እ.ኤ.አ. ‹ማሊላ› በተባለው ፊልም ደፍራ ገብታበታለች። ፒች ታሞ ለሥርዓት የሚሆን የቅጠልና የአበባ ጌጥ ይሠራል፤ የቀድሞ ወዳጁ ሼን ይመነኩሳል፣ በጫካ ውስጥም በሚፈርስ አስከሬን ፊት ተቀምጦ ያሰላስላል። ፍቅርና ምንኩስና በአንድ ሰው ውስጥ ሳይጣሉ ይኖራሉ። ይህ ግን ሲኒማ ነው፤ ቴሌቪዥን ሌላ ነው። ያችው አዘጋጅ በ2021 እ.ኤ.አ. ለቴሌቪዥን ‹ኖት ሚ›ን ስትሠራ የጎዳና ተቃውሞና የጋብቻ እኩልነት ጥያቄ አሳየች።

የመነኩሴ ነገር እዚያ በቀላሉ አይነካም። በ2015 እ.ኤ.አ. ‹አርባት› የተባለ ፊልም መነኮሳትን ባሳየበት መንገድ ታግዶ፣ ተቆርጦና ተስተካክሎ ነው የወጣው። ስፖንሰር የሚፈልግ ቴሌቪዥን ከዚህ ይማራል። ስለዚህ አንድ ድራማ ስለ መቅደሱ ዝም ሲል ሃይማኖቱ ግድ አይሰጠውም ብለሽ አትደምድሚ።

ስለ ሴቶቹም እንዲሁ ጠይቂ። በ1928 እ.ኤ.አ. የወጣ የታይላንድ ሊቀ መነኮሳት ትእዛዝ መነኮሳቱ ሴቶችን እንዳያመነኩሱ ከልክሏል። ሴት ልጅ የእናቷን ውለታ በምንኩስና መመለስ ካልቻለች በምን ትመልስ? በትዳርና በቤተሰብ ስም። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ የሁለት ሴቶችን ፍቅር የሚተርከውን ‹ጋፕ›ን ተመልከቺ፤ ሳም የመሳፍንት ዘር ናት፣ አያቷ ትዳሯን ሊወስኑላት ይፈልጋሉ። አያቲቱ ክፉ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ የሴት ልጅ ግዴታ ሁሉ በዚያ አንድ በር ስለሚያልፍ ነው።

የሌሉትንም ሰዎች ጥሪያቸው። በደቡብ በፓታኒ፣ በያላና በናራቲዋት ሙስሊሞች ብዙኃን ናቸው፤ እኔ ባየኋቸው ድራማዎች ግን ሙስሊም ዋና ገጸ ባሕርይ አላገኘሁም። ክርስቲያኖቹን በ2007 እ.ኤ.አ. ‹ዘ ላቭ ኦቭ ሲያም› የተባለው ፊልም በአንድ የካቶሊክ ቤተሰብ ሐዘን ውስጥ አሳይቷቸዋል። ካቶይዎቹ ደግሞ ለብዙ ዘመን ማሳቂያ ሆነው ከጎን ቆመዋል፤ መሐል ላይ የሚቆመው ነጣ ያለ የባንኮክ ተማሪ ነው። ይህን ስትጽፊ ድራማዎቹን መውደድሽን መተው አይጠበቅብሽም። የምትወጂውን ነገር ጎዶሎ መናገር የምትችዪ ሰው ሁኚ።

ደግሞ አንድ ነገር ጨምሪበት። ቀረጻ ሳይጀመር አዘጋጁ፣ ተዋንያኑና ሠራተኞቹ በምግብና በአበባ በተሞላ መሠዊያ ፊት ዕጣን ይዘው ይቆማሉ፤ ከአማልክቱና ከቦታው መናፍስት ፈቃድ ይለምናሉ። የእነዚህ ድራማዎች ተዋንያንም እንዲሁ ያደርጋሉ። ገና አንድም ትዕይንት ሳይቀረጽ የፍቅር ታሪካቸው በአገሩ ሥርዓት ተባርኳል ማለት ነው። ሃይማኖቱ ታሪኩን ብቻ አይደለም፣ ሥራውንም ይዞታል።

በመጨረሻ ስለ አንባቢሽ። ሽማግሌዎች በወጣቶቹ እጅ አንጓ ላይ የተባረከ ነጭ ክር ሲያስሩ አይተሽ «ልክ እንደኛ ማተብ» ብለሽ ጽፈሻል። ስሜቱ እውነት ነው፤ አንገትሽ ላይ ማተብ እያለ ያንን ክር አይተሽ ልብሽ ካልተነካ ነው የሚገርመኝ። ግን «ልክ» የሚለውን አውጪ። ማተብ የጥምቀትና የእምነት ምስክር ነው፤ ያ ክር ደግሞ የሰውየውን መንፈስ ወደ አካሉ ጠርቶ ያጸናል፣ ይጠብቀዋል ብለው የሚያስሩት ነው። መመሳሰሉን አሳዪ፣ ልዩነቱንም አክብሪ።

አንባቢዎችሽ መካከል ይህን ፍቅር እምነቴ አይፈቅድም የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ዝም ብለው የሚያነቡና በልባቸው «እኔስ?» የሚሉም አሉ። ለሁለቱም ጻፊ። የማንንም እምነት አታዋርጂ፣ የማንንም ሰው ክብር አትንኪ። ስለ ሰው ጸሎት ስትጽፊ ስለ አንቺ ጸሎት ሌላ ሰው ቢጽፍ የምትፈልጊውን ጥንቃቄ አድርጊ።

እንግዲህ ረቂቁን እንደገና ጀምሪው። በእያንዳንዱ ትዕይንት ላይ ሥርዓቱን የሚፈጽመው ማን ነው፣ ለማን ይፈጸማል፣ ከደጅ የቀረውስ ማን ነው ብለሽ ጠይቂ። እነዚያ ልጆች በየድራማው የሚጠይቁት በእናቴ ቤት፣ በአያቶቼ መቃብርና በአምላኮቼ ፊት እቆጠራለሁ ወይ ብለው ነው። አንዳንዱ ድራማ አዎ ይላል፣ አንዳንዱ ይሸሻል፣ አንዳንዱ ገና አልደፈረም። የትኛው የትኛውን እንዳደረገ ለይተሽ ከጻፍሽ ያ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጭራሽ አያስፈልግሽም።