«አትንካ!» የማይባልበት ቤት

መተማ ዮሐንስ ያደገ ልጅ ስለ ቅደም ተከተል ለማወቅ መምህር አይጠብቅም፤ ሰሊጥ ቀድሞ ያስተምረዋል። ሰሊጥ ማሳው ላይ እንደቆመ እስኪደርቅ አይተውም፤ የፍሬው ማቀፊያ ከጫፉ ስለሚከፈት ይረግፋል። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ ሲል ይታጨዳል፣ ይታሰራል፣ ነዶው ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ሂላ በሚባል ክምር ይቆማል። ሲደርቅ ሸራ ይነጠፋል። ነዶው ተዘቅዝቆ የሚራገፈው ከዚያ በኋላ ነው። ሸራ ሳያነጥፍ የዘቀዘቀ ገበሬ የክረምቱን ልፋት አፈር ላይ በተነው ማለት ነው። ማጨዱም ማሰሩም መዘቅዘቁም ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ተራው ብቻ ነው።

ኮድ መጻፍም ይኸው ነው። ትዕዛዞችን በተራቸው መደርደር፣ «ይህ ሲሆን ያን አድርግ» ማለት፣ ተደጋጋሚውን ሥራ «አሥር ጊዜ ድገም» ብሎ ማሳጠር። ኮምፒውተር ግን ሸራው አለመነጠፉን አይቶ «ቆይ እንጂ!» አይልም። የታዘዘውን እንደታዘዘ ይፈጽማል። ስለዚህ ሥራውን ከፋፍሎ፣ አስቦ፣ በተራው የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። የሰሊጥ አጨዳን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየ የአሥር ዓመት ልጅ እንዲህ ማሰብ እንደሚችል አልጠራጠርም።

«ኮምፒውተሩስ የታለ?» ትሉኝ ይሆናል። እመጣበታለሁ። ከኮምፒውተሩ በፊት ግን በቤታችን ሊኖር የሚገባ ነገር አለ፤ ስህተትን ያለ ቁጣ የመፈለግ ልማድ። ልጅ ስልካችንን ሲያነሣ ከአፋችን የሚቀድመው «አትንካ!» ነው። «ታበላሸዋለህ!» ይከተላል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ስልክ በብዙ ድካም የሚገዛ ዕቃ ነው። ነገር ግን የፈራ ልጅ አይሞክርም። ሳይሞክርና ሳይሳሳት ደግሞ ኮድ የተማረ ሰው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በአገራችን ሁለት ቦታዎች፣ በወንጪና በወለንጪቲ፣ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ታብሌቶችን ከነማሸጊያቸው ሰጠ። በእያንዳንዱ ቦታ 20 ያህል ልጆች ነበሩ። አስተማሪ አልተመደበላቸውም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሳጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ ወራት ሲያልፉ ደግሞ ልጆቹ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ሙከራው ትንሽ ነው፤ የተረኩትም ባለቤቱ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ መምህር አያስፈልግም አልልም። ልቤን የሚነካው ሌላ ነው፦ እነዚያን ልጆች «አትንካ!» የሚላቸው አልነበረም።

የቤተልሔም ደሴ ታሪክም እዚሁ ላይ ይገጥማል። ሐረር ተወልዳ ያደገችው ቤተልሔም ዘጠነኛ ዓመት ልደቷን ለማክበር አባቷን ገንዘብ ጠየቀች። ገንዘብ የለም ተባለች። አባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነበራቸው፤ እሷም እዚያው ቁጭ ብላ ለደንበኞች ቪዲዮ ማቀናበርና ዘፈን ስልካቸው ላይ መጫን ጀመረች፤ ለልደቷ የሚሆነውንም በራሷ ሠራች። ከዚያ ወደ ኮድ ገባች፤ በኋላም አዲስ አበባ በሚገኘው፣ አይኮግ ላብስ በተባለ የቴክኖሎጂ ድርጅት ሆና ለሌሎች ልጆች ኮድ የሚያስተምር ፕሮግራም መራች። ትልቅ ላቦራቶሪ አልነበረም መነሻዋ። ሱቅ ነበር፤ ልጃቸውን ከዕቃው ያላራቁ አባትም ነበሩ። መተማስ ስልክ የሚጠገንበት፣ ዘፈን የሚጫንበት ሱቅ አጥታ ታውቃለች?

እንግዲህ ከየት እንጀምር? ከግቢያችሁ እንስሳ። ስክራች የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነፃ ፕሮግራም አለ። ልጁ ትዕዛዝ በፊደል አይጽፍም፤ ባለቀለም ብሎኮችን እየጎተተ ይገጣጥማል። ሲከፈት መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የምትቆመው ብርቱካናማ ድመት ናት። በዋናነት የታሰበው ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ሲሆን ከ5 እስከ 7 ላሉት ስክራች ጁኒየር የሚባል ታናሽ አለው። ከሁሉም ደስ የሚለኝ፣ ስክራች የአማርኛ ምርጫ አለው።

ድመቷን አጥፉና የራሳችሁን ውሻ አስገቡ። ልጁ ውሻውን ፎቶ ያንሣው ወይም ይሳለው፤ ጩኸቱን ይቅዳ። ልጅ ለማያውቀው ነገር አንድ ሰዓት አይቀመጥም፤ ለራሱ ውሻ ግን ራቱን ይረሳል። ቀጥሎ አንድ ቁም ነገር ያለው ሥራ ስጡት፦ «ውሻ ቢነክስ ምን እናደርጋለን?» የሚል ጨዋታ። ውሻው ይሮጣል፣ ይነክሳል፣ ጥያቄ ይመጣል። ተጫዋቹ «ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥባለሁ፤ ሳልዘገይ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ» የሚለውን ከመረጠ ያልፋል፤ ሌላውን ከመረጠ ወደ ጥያቄው ይመለሳል። ይህ ለማስመሰል የሚሠራ ሥራ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ በበሽታው ተይዘዋል ተብሎ በሚጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ15 በታች የሆኑ ልጆች እንደሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ልጃችሁ የሠራው ጨዋታ የጎረቤትን ልጅ ሊያድን ይችላል። ውሻችሁንም በየዓመቱ አስከትቡት፤ ጨዋታው ያን ጊዜ ይሟላል።

አሁን ወደ ስህተቱ እንምጣ፤ መምጣቱ አይቀርምና። ስክራች ላይ አንድ እንስሳ እየሮጠ የስክሪኑ ጫፍ ሲደርስ እንዲመለስ ታዝዞ የማዞሪያው ዓይነት ካልተስተካከለ ይገለበጥና በጀርባው ይሄዳል። ጀማሪ ሁሉ ይገጥመዋል። «እማዬ፣ ውሻችን ተገለበጠ!» ይላል ልጁ። እዚህ ላይ ነው የእናት ወይም የአባት ሥራ። «እስኪ አሳየኝ። እስከየት ድረስ ነው ደህና የሄደው?» በሉት። በዚህች ጥያቄ ውስጥ የሙያው ግማሽ አለ። ትልልቆቹ ፕሮግራመሮችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፦ እስከዚህ ደህና ነበር፣ ከዚህ በኋላ ተበላሸ፣ ስለዚህ ችግሩ እዚህ መሃል ነው። ልጁ ብሎኮቹን አንድ በአንድ እየጠቆመ ሲያስረዳችሁ ብዙ ጊዜ መልሱን ራሱ ያገኘዋል፤ እንስሳው ግራና ቀኝ ብቻ እንዲዞር ያደርገዋል። እናንተ ኮድ አለማወቃችሁ እዚህ ላይ ጉዳት የለውም። እንዲያውም ይጠቅማል፤ ልጁ አስተማሪ ይሆናልና! አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ማውሱን አትቀሙት። ጣቱ የልጁ ይሁን።

ይህ ልማድ ከስክሪኑ አልፎ ወደ ጓዳው ይገባል። የዶሮዎቹን ቤት ሳይዘጋ ያደረ ልጅ «ማነው ጥፋተኛው?» ተብሎ ሲጠየቅ ይዋሻል። «ማታ ከራት በኋላ ምን ምን አደረግህ? የቱ ላይ ተረሳ?» ሲባል ግን ያስባል፤ ነገ ማታ የዶሮዎቹን ቤት ከራት በፊት መዝጋት እንደሚሻልም ራሱ ይነግራችኋል።

ኮምፒውተር የሌለው ቤትስ? አሁኑኑ መጀመር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቲም ቤልና ባልደረቦቻቸው ከኒውዚላንድ ተነሥተው የኮምፒውተር ሳይንስን ያለ ኮምፒውተር፣ በጨዋታ የማስተማር ዘዴ አዘጋጅተው ለዓለም አዳርሰዋል። የቆላው ሙቀት በረድ ሲል ግቢ ውስጥ በእንጨት መሬቱን በአራት ማዕዘን ከፋፍሉት። አንዱ ልጅ ሮቦት ይሁን፤ ሌላው ከውኃው ጀሪካን ተነሥቶ የውሻው ጣሳ ድረስ እንዲሄድ ይዘዘው፦ «ሁለት ወደፊት። ወደ ቀኝ ዙር። አንድ ወደፊት። ቅዳ።» ሮቦቱ ያልተባለውን እንዳያደርግ! ውሻው በመሃል ተነሥቶ ሲሄድ ሳቁ ይጀምራል፤ ልጆቹም «ውሻው ከተነሣ ቁም» የሚል አዲስ ትዕዛዝ መፍጠር ግድ ይሆንባቸዋል። ማንም ሳይነግራቸው የኮድን ትልቁን ነገር፣ ሁኔታን አይቶ መወሰንን፣ አገኙት ማለት ነው።

የኢንተርኔትን ነገር በአማራ ክልል ለሚኖር ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ያየነውን አይተናል። ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ልጆችም ብዙ ናቸው፤ ይህን ሳስብ ያመኛል። ለዚህ ነው ስክራችን የምወደው፦ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጎንደር ወይም ገንዳ ውኃ ግንኙነት ያገኘ ዘመድ በፍላሽ ይዞት ቢመጣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ለሦስት ቤት ልጆች ይበቃል። ሌሊት መብራት ከጠፋ ደግሞ የመሬቱ ጨዋታ ጠዋት አለ።

ግንኙነት ያላችሁ ታላላቆችና ወላጆች ደግሞ የራሳችሁን ትምህርት ጀምሩ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ኮድ መጻፍን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራን፣ የዳታ ሳይንስንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መሠረት በነፃ ያስተምራል፤ ለጨረሰም የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ስታጠኑ ልጆቻችሁ እያዩአችሁ አጥኑ። ሲያቅታችሁ ይዩ፤ ተሳስታችሁ ስታርሙም ይዩ። አባቱ በሥራው መሃል «ይህቺ አልገባችኝም፣ እንደገና ልሞክር» ሲል የሰማ ልጅ፣ አለማወቅ የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነ ከዚያ በላይ የሚነግረው የለም።

በመጨረሻ ለመተማ ልጆች ብቻ የሚሆን አንድ ሥራ ልጨምር። የሱዳኗ ጋላባት ማዶ ናት፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በሱዳን ጦርነት ምክንያት ድንበሩን ተሻግረው በመተማ የገቡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ዓረብኛ የሚናገር ልጅ ጎረቤታችሁ ይኖራል። ስክራች ላይ ቋንቋ መለወጫውን ነክታችሁ ዓረብኛ ብትሉ ብሎኮቹ በሙሉ ዓረብኛ ይሆናሉ፣ ገጹም ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል፤ ፕሮግራሙ ግን ያው ነው፣ ውሻውም እንደነበረው ይሮጣል። ወደ ዓረብኛ የማይለወጠው ልጃችሁ ራሱ የጻፈው ጥያቄና መልስ ነው። እሱን ጎረቤቱ ይተርጉምለት፤ በራሱ ድምፅም ይቅዳው። መስከረም 18 የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው፤ ሁለቱ ልጆች ጨዋታውን በሁለቱ ቋንቋ እስከዚያ ጨርሰው ለሰፈሩ ልጆች ያሳዩ። ላፕቶፑን ጥላ ሥር አውጡላቸው።