«ናፍጣ ውሃ አይፈራም» ለሚሉን ልጆቻችን
ስለ ቴንደር፣ ስለ ደራሽ ውሃና ስለ ሠራተኛው መብት

ሾፌር ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣

ዝናቡ የጀመረ ሰሞን አንዲት እናት እዚህ ፒስጋት ዘኤቭ ወደምሠራበት ክሊኒክ የደም ግፊት ሊለኩ መጡ። ግፊታቸው ከወትሮው ከፍ ብሎ አገኘሁት። «እማማ፣ ዛሬ ምን ሆኑ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረ» አሉኝ። ልጃቸው አትክልት የሚንከባከብ ኮንትራክተር ዘንድ ቴንደር ይነዳል። በሳምንት ጥቂት ቀን በማዕሌ አዱሚም በኩል ወርዶ ሙት ባሕር ዳር ያሉ ሆቴሎች ይሠራል። እሳቸው ዝናብ ሲያዩ ይጨነቃሉ። እሱ ግን «እማዬ አታስቢ፣ መኪናው ናፍጣ ነው፣ በአራቱም ጎማ ይጎትታል፣ ውሃ አይፈራም» ይላቸዋል። «እውነት ነው ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እኔ ነርስ ነኝ፣ መካኒክ አይደለሁም። ቢሆንም ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ስለሆነ የሚያውቁትን ጠይቄ፣ ከራሴ ሙያ ጋር አያይዤ ይህን ትምህርት አዘጋጀሁ። መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ልጁ የሚለው ግማሹ እውነት ነው፤ ሰው የሚሞተው ግን በቀረው ግማሽ ነው።

እውነቱ ግማሽ

የቤንዚን ሞተር በካንዴላ እሳት ይነሣል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየሩን በኃይል አፍኖ በማጋል ናፍጣውን ያቀጣጥላል። ስለዚህ ድሮ ቤንዚን መኪና ካንዴላው ርሶ ሲቆም ናፍጣው ያልፍ ነበር። «ናፍጣ ውሃ አይፈራም» የሚለው አባባል የመጣው ከዚያ ነው።

ነገር ግን ናፍጣውም ይተነፍሳል። የአየር መሳቢያው በር ውሃ ከጠጣ ውሃው ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። አየር ሲጫኑት ይታመቃል፣ ውሃ ግን አይታመቅም። ፒስተኑ ውሃውን ሊጫን ሲሞክር የሚገፋው ብረት ይጎብጣል ወይም ይሰበራል፣ ሞተሩም በአንድ አፍታ ያበቃለታል። በዚያ ላይ የዛሬ መኪና በኮምፒዩተርና በኤሌክትሪክ ሽቦ የተሞላ ነው።

ፋብሪካዎች መኪናቸው ስንት ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ መግባት እንደሚችል ይጽፋሉ። ለቶዮታ ሃይሉክስ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ለአዲሱ ኢሱዙ ዲማክስ 80 ሳንቲ ሜትር ይባላል። ይህ ቁጥር ግን ለቆመ ውሃ፣ ታቹ ለታወቀ መሬት፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ለሚነዳ ነው። ለሚወርድ ጎርፍ አይሠራም።

የሚወርድ ውሃ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል። 30 ሳንቲ ሜትር ብዙ ትንንሽ መኪናዎችን ያንሳፍፋል። 60 ሳንቲ ሜትር ቴንደርንና ጂፕን ሳይቀር ይወስዳል። ጎማው ከመሬት ከተነሣ በኋላ አራቱም ቢጎትቱ የሚይዙት ነገር የለም።

ሰማዩ ጠርቶ የሚመጣ ውሃ

ይህን ክፍል ለልጆቻችን ማስተማር የምትችሉት እናንተ ናችሁ። በጎንደር ወንዝ ዳር ያደገ ሁሉ ደራሽ ውሃን ያውቃል። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ደጋው ላይ ነው። ታች ቆላው ፀሐይ ነው፣ የወንዙም አሸዋ ደረቅ ነው። ከዚያ ድንገት ድምፅ ይሰማል፣ ውሃው ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይደርሳል።

የእኛም ሰፈር እንዲያው ነው። ኢየሩሳሌም ደጋ ናት፣ ሙት ባሕር ከባሕር ወለል በታች ከ430 ሜትር በላይ የወረደ ቆላ ነው። በፒስጋት ዘኤቭ ምሥራቃዊ ቁልቁለት የሚዘንበው ውሃ ወደ በረሃው፣ ወደ ዮርዳኖስ ሸለቆ ይወርዳል። በሙት ባሕር ዳር የሚያልፈው ቁጥር 90 መንገድ ብዙ ደረቅ ሸለቆዎችን ያቋርጣል፤ በዝናብ ጊዜ ፖሊስ ደጋግሞ የሚዘጋውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ራሱ ያለበትን ሰማይ ብቻ ማየት አይበቃውም፣ ላይ ደጋው ላይ ምን እየዘነበ እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ሚያዝያ 2018 በሙት ባሕር አካባቢ በናሃል ጻፊት 10 ወጣቶች በደራሽ ውሃ ሕይወታቸውን ማጣታቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በአገራችንም በ2006 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው።

ከተማ ውስጥም አደጋው አለ። ጥር 2020 ናሃሪያ በጎርፍ በተጥለቀለቀች ጊዜ ሞቲ ቤን ሻባት መኪና ውስጥ የተያዙ ሰዎችን ለማዳን ገብቶ ሕይወቱን አጥቷል። ስሙን በክብር እናነሣዋለን። ከእሱ የምንማረው ግን ጀግና እንኳ ጎርፍን እንደማይችለው ነው።

ለሾፌሩ የሚነገር

* ውሃው የሚወርድ ከሆነ አይገባም። ቁመቱ ስንት ነው ብሎ መከራከር አያስፈልግም።
* ውሃው ደፍርሶ አስፋልቱ የማይታይ ከሆነ አይገባም። ከሥሩ መንገዱ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል።
* ፖሊስ የዘጋውን መንገድ አይዞርም።
* ሌላ መኪና ስላለፈ አይከተልም። ውሃው በደቂቃዎች ይጨምራል።
* ውሃው የቆመ፣ ታቹ የሚታወቅና ከጎማው ግማሽ በታች ከሆነ፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በእርምጃ ፍጥነት፣ ሳይቆምና ማርሽ ሳይቀይር ይለፍ። ሲወጣ ፍሬኑን ቀስ እያደረገ ይርገጥ፣ እንዲደርቅ።
* ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋ ዳግመኛ አያስነሣ። ብዙ ሞተር የሚሰበረው በሁለተኛው ሙከራ ነው። መኪናው ተጎትቶ ወጥቶ መካኒክ ይየው። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከታየ ውሃ ገብቶበታል።

ጭቃ ላይ

ዋልካ መሬት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጎማው በዞረ ቁጥር ይሰምጣል። ሾፌሩ አራቱን ጎማ ማሠራት ያለበት ጭቃው ውስጥ ሳይገባ ነው። ነዳጁን እኩል እየሰጠ፣ ሳይቸኩልና ሳይቆም ይሂድ። ከተያዘ ነዳጅ መስጠቱን ያቁም። ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ ቆፍሮ ድንጋይ፣ ቅርንጫፍ ወይም ምንጣፍ ያንጥፍ። መኪናው በገመድ ሲጎተት ማንም ሰው ገመዱ አጠገብ አይቁም፤ ገመድ ሲበጠስ እግር ይሰብራል፣ ዓይን ያጠፋል። የጭስ ማውጫው በጭቃ ከተደፈነ ሞተሩን አስነሥቶ ለሙቀት ውስጡ መቀመጥ አይገባም፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ሰው ይመርዛል።

ውሃው ከያዘው

ቀበቶ መፍታት፣ መስኮት ማውረድ፣ ወዲያው መውጣት፣ ወደ ከፍታ መሄድ። ዕቃ ለመሰብሰብ አይዘግይ። ልጆች ካሉ አስቀድሞ ያውጣቸው። ውሃው በሩን ከተጫነው በሩ አይከፈትም፣ ስለዚህ መውጫው የጎን መስኮት ነው። ዙሪያውን ውሃው በኃይል የሚወርድ ከሆነ ጣሪያ ላይ ይውጣ። ስልክ፦ ፖሊስ 100፣ ማጌን ዳቪድ አዶም 101፣ እሳት አደጋና ማዳን 102።

የወጣ ሰው በብርድ ሊጎዳ ይችላል። እርጥብ ልብሱን አውልቁለት፣ በደረቅ ብርድ ልብስ ራሱን ጨምሮ ሸፍኑት። እጅና እግሩን አትሹ። አእምሮው ንቁ ከሆነ ሙቅ ጣፋጭ ሻይ ይጠጣ። አረቄ አትስጡት፤ የሚሞቅ ይመስላል እንጂ የአካልን ሙቀት ያወጣል። የተንቀጠቀጠ ሰው መንቀጥቀጡን ትቶ ቢደነዝዝ፣ ንግግሩ ቢንተባተብ፣ ተሻለው አትበሉ፣ ብሶበታል ማለት ነው፣ 101 ደውሉ። የጎርፍ ውሃ ቆሻሻ ነው፤ ቁስል ካለ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ስለ ቴታነስ ክትባት ኩፓት ሆሊም ይጠየቅ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ እግሩን በደንብ ይመርምር።

አለቃው «እለፍ» ቢለውስ?

እናትየዋ ቀጥለው ያሉኝ ይህን ነበር፦ «ልጄ መቆም ቢፈልግም አለቃው ይጣራል።» ብዙ ልጆቻችን ወደ ውሃው የሚገቡት ከድፍረት ይልቅ ሥራቸውን እናጣለን ብለው ፈርተው ነው። ስለዚህ ይህን ይወቁ።

መጀመሪያ፣ መንገዱን ፎቶ ያንሣና ለአለቃው በስልክ ይላክ። በዕብራይስጥ አጭር መልእክት ይበቃል፦ «ሃክቪሽ ሓሱም። አኒ ምሓኬ። ሻላሕቲ ትሙና።» መንገዱ ተዘግቷል፣ እየጠበቅሁ ነው፣ ፎቶ ልኬያለሁ ማለት ነው። የተጻፈ ነገር በኋላ ምስክር ይሆነዋል።

ሁለተኛ፣ መኪናው ቢበላሽ አሠሪው የጥገናውን ዋጋ በራሱ ውሳኔ ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም። በ1958 የወጣው የደመወዝ ጥበቃ ሕግ ከደመወዝ የሚቆረጠውን ለይቶ ይወስናል። ለአሠሪው የሚከፈል ዕዳ የሚቆረጠው ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ ያን ጊዜም በየወሩ ከደመወዙ ሩብ ማለፍ የለበትም። እንግዲህ ልጆቻችሁን «ያልገባህን ወረቀት በችኮላ አትፈርም፣ ወደ ቤት አምጥተህ የሚያነብልህ ፈልግ» በሏቸው።

ሦስተኛ፣ በሥራ ላይ ከተጎዳ ለሐኪሙ «ሥራ ላይ ነው የተጎዳሁት» ብሎ ቀኑንና ሰዓቱን ያስመዝግብ። ከአሠሪው የብቱአሕ ለኡሚን ቅጽ 250 ወስዶ ወደ ኩፓት ሆሊም ይምጣ። ስንት ሰው ዝም ብሎ ታክሞ ከሄደ በኋላ መብቱን ለማስከበር እንደሚቸገር በዓይኔ አይቻለሁ።

መኪና ለሚገዛ

የግዴታ ኢንሹራንስ፣ ሆቫ የምንለው፣ የሚሸፍነው የሰውን አካል ጉዳት ነው። የራስን መኪና ከጎርፍ ጉዳት የሚሸፍነው ማኪፍ ነው። ውሉ ላይ መኪናውን ማን እንዲነዳ እንደተፈቀደ አስነብቡ። ያገለገለ ናፍጣ መኪና ስትገዙ ምንጣፉን አንሡና አሽትቱ። ሻጋታ ከሸተተ፣ ከወንበሩ ሥር ዝገትና ደረቅ ጭቃ ካለ፣ የመብራቱ መስተዋት ውስጡ ላብ ከያዘ፣ መኪናው ጎርፍ ውስጥ ቆይቶ ይሆናል። ዋጋው ረከሰ ብላችሁ አትቸኩሉ፣ ከመክፈላችሁ በፊት በምርመራ ጣቢያ አስመርምሩ።

ለእናትየዋ ይህን ሁሉ ካስረዳኋቸው በኋላ ጥቂት ዝም አሉና እንዲህ አሉኝ፦ «እኛ አገር ወንዝ ሲሞላ አባቴ በቅሎውን አስሮ ዳር ላይ ያድር ነበር። ፈሪ ያለው ሰው አልነበረም።» እኔም «እማማ፣ ለልጅዎ ይህንኑ ይንገሩት፣ ከእኔ ንግግር ይበልጣል» አልኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው መጡ። ልጃቸው አንድ ቀን ከመንገድ ተመልሶ ቤት እንዳደረ ነገሩኝ። ግፊታቸውም ወርዶ ነበር።

ክረምቱን በሰላም ያሳልፈን።